ከታሪኩ የተነቀለ ምስል፦ ለአኒሜ የሙዚቃ ቪዲዮ ቁራጮችን መምረጥና ማደራጀት

አድናቂዎች ለሚወዱት አኒሜ (የጃፓን የሥዕል ፊልም) በሚወዱት ዘፈን የሚሠሩት የሙዚቃ ቪዲዮ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዘፈኑ ተዘፍኗል፣ ምስሉም ተሥሏል፤ የቀረው መቁረጥና መቀጠል ብቻ ነው። ሥራው ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ገና ምንም ሳይቆርጥ ይደክማል። አንድ የቴሌቪዥን አኒሜ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ 24 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የመግቢያውና የመዝጊያው ዘፈን እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ስለሚወስዱ 21 ደቂቃ ይቀራል። እንግዲህ 12 ክፍል ብቻ ያለው አጭር ተከታታይ እንኳ 252 ደቂቃ ምስል አለው ማለት ነው። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢሆንና እያንዳንዱ ቁራጭ በአማካይ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢቆይ፣ የሚያስፈልጉን 140 ቁራጮች ናቸው። ከ72 ደቂቃ ምስል አንዷን ደቂቃ ወስደን 71ዱን እንጥላለን። ሥራው በዋናነት የመተው ሥራ ነው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚይዘውንና የሚተወውን የሚለየው በትዝታ ነው። ተከታታዩን ሲያይ ያስለቀሰውን፣ ያስደነገጠውን፣ ከመቀመጫው ያስነሣውን ትዕይንት ያስታውስና እሱኑ ፈልጎ ይቆርጣል። ሁለቱን ሰከንድ ከዘፈኑ ጋር ሲያጫውተው ግን ስሜቱ የለም፤ ወይም እሱ ይሰማውና አብሮት የሚያየው ሰው አይሰማውም። ያ ትዕይንት ያስለቀሰው ከእሱ በፊት በነበሩት አሥር ክፍሎች ብርታት ነበር። ልጅቷ በሩን ስትዘጋ ያለቀስነው ከበሩ ወዲያ የቀረው ማን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ሁለቱን ሰከንድ ነቅለን ስናወጣ በእጃችን የሚገባው የሚዘጋ በር ብቻ ነው። ታሪኩ ከቁራጩ ጋር አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ቁራጮችን መምረጥም፣ መሰየምም፣ መደርደርም ያለብን በራሳቸው በሚያሳዩት ነገር ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የነበራቸው ቦታ እዚያው ቀርቷል።

ይህን የፊልም ሰዎች ከተረዱት መቶ ዓመት አልፎታል። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ በሬሳ ሣጥን ከተኛ ሕፃን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ጋር አቀጣጠለው። ፊቱ ያው አንድ ፊት ነው፤ ተመልካቹ ግን ረሃብን፣ ሐዘንንና ምኞትን እንዳነበበበት ይነገራል። ለእኛ ሥራ ይህ ትልቅ ነፃነት ይሰጣል። ከሁለተኛው ክፍል ቀና ብላ የምታይ ልጅ፣ ከአሥራ አንደኛው ክፍል በሚወድቅ ኮከብ ብትቀጠል ያየችው ኮከቡን ይሆናል። በተከታታዩ ውስጥ ጣሪያ እያየች ሰልችቷት የነበረ ቢሆን እንኳ ማንም አይጠይቅም። ታሪኩን ያጣ ቁራጭ አዲስ ታሪክ ለመቀበል ዝግጁ ነው። እንዲህ ያለውን ዝግጁ ቁራጭ ለይቶ ማወቅ ነው ችሎታው።

በ1982 እ.ኤ.አ. ጂም ካፖስታስ የተባለ አሜሪካዊ ሁለት የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻዎችን አገናኝቶ የሠራው ቪዲዮ የዚህ ጥበብ መነሻ ተብሎ በስፋት ይጠቀሳል። በካሴት ሲሠራ ከመጀመሪያው ሰከንድ ተነሥቶ በተርታ መቅዳት ግድ ነበር፤ መሐል ላይ አንድ ቁራጭ ለመጨመር የፈለገ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና ይቀዳል። የትኛው ምስል የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚቆይ ሳያውቁ መጀመር አይቻልም ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር ይህን ግዴታ አንሥቶልናል፤ ብዙዎቻችንም ከግዴታው ጋር ዝግጅቱን አብረን ጣልነው።

ታሪኩ ሲወጣ የሚቀረው

ከሁሉ በፊት እንቅስቃሴና አቅጣጫው አለ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ሰው፣ ቀጥሎ ከቀኝ ወደ ግራ በሚሮጥ ሌላ ሰው ቢተካ ተመልካቹ ሁለቱ ሊገናኙ ወይም ሊጋጩ እየመጡ እንደሆነ ይረዳል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሮጡ አንዱ አሳዳጅ ሌላው ተሳዳጅ ይሆናል፣ ወይም አብረው ይሄዳሉ። አንድ ቃል ሳይነገር ዝምድናቸው ተነገረ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቁራጭ አቅጣጫ ሲመረጥ ወዲያውኑ መመዝገብ አለበት። አቅጣጫው አልስማማ ሲል ምስሉን እንደ መስታወት መገልበጥ የሚቀናቸው አሉ። ይቻላል፤ ግን የጃፓን ሥራ መሆኑ አይረሳ። ጽሑፍ ካለ ይገለበጣል፣ ጠባሳና የሰይፍ እጅ ቦታቸውን ይለውጣሉ። ከሁሉም የከፋው የኪሞኖ ጉዳይ ነው። ኪሞኖ በሕይወት ያለ ሰው ሲለብሰው የግራው ጠርዝ ከቀኙ በላይ ይደረባል፤ የቀኙ ከላይ የሚሆነው አስከሬን ሲገነዝ ነው። የተገለበጠው ምስል ሕያዋን ገጸ ባሕርያትን የሙታን ልብስ ያለብሳቸዋል፤ ባህሉን የሚያውቅ ተመልካች ይህን ወዲያው ያያል።

ቀጥሎ የዓይን ቦታ ይመጣል። አንድ ቁራጭ ሲያልቅ የተመልካቹ ዓይን የማያ ገጹ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ቁራጭ ዋና ነገር እዚያው አካባቢ ቢገኝ ሽግግሩ ይለሰልሳል። ርቆ ከተገኘ ዓይን መፈለግ አለበት፣ ለመፈለግም ጊዜ ይጠይቃል። ቁራጩ ሁለት ሰከንድ ከሆነ ችግር የለም። ግማሽ ሰከንድ ከሆነ ግን ዓይን ፈልጎ ሳያገኝ ምስሉ አልፏል። ፈጣን ቅንብር ግራ ያጋባል የሚባለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ፍጥነቱን ሳይነኩ ቁራጮቹን በዓይን ቦታ ብቻ መርጦ ማስተካከል ይቻላል።

የምስሉ ስፋትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የቅርብ ፊት በቅጽበት ይነበባል። ብዙ ሰው የቆመበት አደባባይ፣ ተራራ፣ ከሩቅ የሚታይ ጦርነት ግን ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። በጣም የሚያምሩት ሰፋፊ ምስሎች በፈጣን አዝማች ውስጥ ባዶ ሆነው የሚቀሩት ለዚህ ነው። ቦታቸው ዘፈኑ የሚተነፍስበት ነው፤ መግቢያው፣ ወይም ከመጨረሻው አዝማች በፊት ያለው ጸጥታ። ብርሃንና ቀለም ደግሞ ቁራጮችን የማሰባሰቢያ ጥሩ መንገድ ናቸው፦ የሌሊት ሰማያዊ፣ የምሽት ብርቱካናማ፣ የክረምት ግራጫ። ከተለያዩ ክፍሎች የተወሰዱ አምስት የምሽት ቁራጮች ሲቀጣጠሉ አንድ ምሽት ይሆናሉ።

በእኔ እምነት ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ ጀማሪዎችም ፈጽሞ የማይመዘግቡት፣ የሚመታው ነጥብ ነው። በብዙ ቁራጮች ውስጥ አንድ ነገር የሚፈጸምበት አንድ ቅጽበት አለ፦ እግር መሬት ሲነካ፣ ሰይፍ ከሰይፍ ሲጋጭ፣ ዓይን ሲገለጥ፣ በር ሲዘጋ፣ እንባ ከጉንጭ ሲወድቅ። ብዙ ሰው ቪዲዮን ከሙዚቃ ጋር ማስማማት ማለት በየምቱ ላይ መቁረጥ ይመስለዋል። በየምቱ የተቆረጠ ቪዲዮ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ያደነዝዛል፤ ተመልካቹ ቀጣዩ ቆረጣ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቀዋልና። የተሻለው መንገድ ቆረጣውን ከምቱ በፊት አሳልፎ፣ በምስሉ ውስጥ ያለውን ነጥብ ከበሮው ላይ ማሳረፍ ነው። ልጁ ይዘላል፣ አየር ላይ ይቆያል፣ መሬት ሲነካ ከበሮው ይመታል። ያኔ ሙዚቃው ለዚያ እግር የተሠራ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነጥብ ያለው ቁራጭ ነጥብ ከሌለው ከሦስት ቆንጆ ምስሎች ይበልጣል። ስለዚህ ቁራጭ ስንመዘግብ ነጥቡ ከመጀመሪያው በስንተኛው ፍሬም (ቪዲዮ በተርታ ከሚያሳያቸው ነጠላ ምስሎች አንዱ) ላይ እንደሚገኝ መጻፍ ይገባል። ለምሳሌ ነጥቡ በ18ኛው ፍሬም ላይ ከሆነ ቁራጩ ከምቱ 18 ፍሬም ቀደም ብሎ ይጀምራል። ይህች ቁጥር ብቻ በቅንብር ጊዜ ብዙ መፈለግን ታስቀራለች።

የአኒሜ ጠባይ

በካሜራ ለተቀረጸ ፊልም የሚሠራ ምክር ሁሉ ለአኒሜ አይሠራም። አኒሜ እንደ ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ይጫወታል፤ ሠዓሊዎቹ ግን በሰከንድ 24 ሥዕል የሚሥሉት አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ወይም ለሦስት ፍሬም ይቆያል። እንግዲህ በሰከንድ የምናየው 12 ወይም 8 ሥዕል ነው። ይህ ለመራጩ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በሰከንድ 8 ሥዕል ያለው ሩጫ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀነስ በሰከንድ 4 ሥዕል ይሆናል፣ ሩጫው ይንተከተካል። የቅንብር ፕሮግራሙ በሥዕሎቹ መካከል አዲስ ሥዕል ፈጥሮ እንዲያለሰልሰው ቢታዘዝ ጥቁሮቹ መስመሮች ይቀልጣሉ፣ ጣቶች ይዋሃዳሉ። ስለዚህ ዝግ ብሎ እንዲታይ የምንፈልገውን ቦታ ከመጀመሪያው ዝግ ብሎ በተሣለ ቁራጭ መሙላት ነው መፍትሔው። ፀጉር በነፋስ ሲውለበለብ፣ በረዶ ሲወርድ፣ ወይም ምስሉ በአንድ ትልቅ ሥዕል ላይ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት። የመጨረሻው ዓይነት በተለይ ይመቻል፤ መንሸራተቱ አብዛኛውን ጊዜ በየፍሬሙ ስለሚሄድ ማዝገምን ይችላል። ማፍጠን ግን ብዙም አይጎዳም፤ የተጎተተ ቁራጭን በትንሹ ማፍጠን ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

አፍ ሌላው ፈተና ነው። አኒሜ ውስጥ ሰዎች ብዙ ያወራሉ፣ ምርጥ የፊት ስሜቶችም ብዙ ጊዜ ንግግር ላይ ይገኛሉ። አፉ የሚንቀሳቀስ ፊት ዘፈን ሲደረብበት ግን ተመልካቹ ገጸ ባሕርይው እየዘፈነ ነው ብሎ ያስባል፤ ከንፈሩ ከግጥሙ ጋር እንደማይገጥም ሲያይ ደግሞ ከስሜቱ ይወጣል። ስለዚህ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ስንመረምር የምንፈልገው ከንግግሩ በፊትና በኋላ ያለውን ነው። ሰው ከመናገሩ በፊት የሚተነፍስባት ግማሽ ሰከንድ፣ ከተናገረ በኋላ ዝም ብሎ የሚያይባት ሰከንድ፤ ብዙ ጊዜ ስሜቱ ያለው እዚያ ነው። አማራጭ ከጠፋ ደግሞ የሥዕሉ ጠባይ ራሱ ይረዳል። ሲናገር ፊቱ ቆሞ አፉ ብቻ በጥቂት ቅርጾች እየተፈራረቀ ስለሚንቀሳቀስ፣ አፉ የተዘጋበትን ፍሬም ወስዶ በተቀረው ላይ መደረብ ይቻላል። ከጀርባ የሚታይ ተናጋሪና ዓይን ብቻ የሚታይበት የቅርብ ምስልም በክፉ ቀን ይደርሳሉ።

በላዩ የግርጌ ጽሑፍ የታተመበት፣ የጣቢያ ምልክት ወይም የሠራተኞች ስም የሚያልፍበት ምስል የቱንም ያህል ቢያምር ከምርጫው ውጭ መሆን አለበት። አንድ የግርጌ ጽሑፍ ሦስት ደቂቃ የተሠራውን ዓለም ያፈርሳል። በመሸጋገሪያ የተደባለቁ ምስሎችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ ትዕይንት በሌላው ውስጥ እየሟሟ ከገባ፣ ቁራጩ ድብልቁ ካለቀበት ፍሬም መጀመር አለበት። የመግቢያ ዘፈኖች ምስል ፈታኝ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተሣለ ነው፣ በዲስኮች ላይም ስም የማያልፍበት ንጹሕ ቅጂ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን እነዚያ ምስሎች ለሌላ ዘፈን ምት ተለክተው የተቆረጡ ናቸው፤ የተከታታዩ አድናቂ ደግሞ በየሳምንቱ አይቷቸዋልና ሲያያቸው በጆሮው የሚሰማው ያኛው ዘፈን ነው። ጥቂት መውሰድ ይቻላል፣ ምሰሶ ማድረግ ግን አይመከርም።

ዘፈኑ ይቅደም

ቁራጭ ከመፈለግ በፊት ዘፈኑን በወረቀት ላይ መክፈት ይበጃል፦ መግቢያ፣ የመጀመሪያው የግጥም ክፍል፣ አዝማች፣ ሁለተኛው የግጥም ክፍል፣ መሸጋገሪያ፣ የመጨረሻ አዝማች። በየክፍሉ ጎን ርዝመቱን በሰከንድ፣ ጉልበቱን ከ1 እስከ 5፣ እንዲሁም ምስሉ ምን ማድረግ እንዳለበት በአንድ ሐረግ። "ብቻውን ይሄዳል"፣ "ይገናኛሉ"፣ "ሁሉም ይፈርሳል"። ይህ ሲደረግ ፍለጋው ይጠብባል። ከ252 ደቂቃ ውስጥ "ጥሩ ነገር" የሚፈልግ ሰው ይጠፋል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው የሚፈልግ ግን ያገኛል።

የምቱ ፍጥነትም አስቀድሞ ይለካ። በሰከንድ 24 ፍሬም ማለት በደቂቃ 1440 ፍሬም ነውና፣ 1440ን በደቂቃ ባለው የምት ብዛት ብናካፍል አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሚወስድ እናገኛለን። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በየ12 ፍሬም፣ 90 ምት ያለው በየ16 ፍሬም ይመታል። 140 ምት ሲሆን ግን ውጤቱ 10.29 ይሆናል፤ የፍሬም ክፍልፋይ ላይ መቁረጥ ስለማይቻል አንዴ 10፣ አንዴ 11 እያሉ መሄድ ነው። በዚያ ላይ የዲስክ ቪዲዮዎች ትክክለኛ ፍጥነት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 23.976 ፍሬም ነው እንጂ ሙሉ 24 አይደለም። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ በ120 ምት ዘፈን ላይ በየ12 ፍሬም እየቆጠረ ሦስት ደቂቃ የሄደ ሰው ግን መጨረሻው ላይ ከአራት ፍሬም በላይ ተዛንፎ ይገኛል። ጆሮ ያንን ይሰማል። ስለዚህ ስሌቱ ምን ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ እንደምንፈልግ ለማወቅ ይጠቅማል፤ ቆረጣው ግን በድምፁ ሞገድ ላይ በተደረገ ምልክት መሠረት ይሁን።

ግጥም ያለው ዘፈን ሌላ ፈተና ያመጣል። ዘፋኙ "ዝናብ" ሲል ዝናብ፣ "እሳት" ሲል እሳት ማሳየት መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ሦስተኛው ላይ ግን ተመልካቹ ጨዋታውን ይይዝና ቀጣዩን ይገምታል። እኔ የምመርጠው ቃሉን ትቶ በቃሉ ውስጥ ያለውን ሁኔታ መከተል ነው። ዘፋኙ ስለ ዝናብ ሲያወራ መጠለያ ያጣ ሰው ይታይ፤ ዝናቡ ባይኖርም። ቃልና ምስል ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲሆን ኃይል ይኖረዋል፤ እነሱን ቁራጮች ለብቻ አስቀምጦ ዋናው መስመር ላይ ብቻ ማዋል ያዋጣል።

ማን ከማን ይቅደም የሚለው ክርክር ሲመጣ የታዋቂው የፊልም አቀናባሪ የዋልተር መርች ሚዛን ይረዳኛል። መርች አንድን ቆረጣ ጥሩ ከሚያደርጉት ነገሮች ለስሜት 51 በመቶ፣ ለታሪኩ 23 በመቶ፣ ለምት 10 በመቶ፣ ለዓይን ቦታ 7 በመቶ ይሰጣል፤ የቀረውን ለቦታና ለአቅጣጫ ቀጣይነት ያካፍለዋል። የሙዚቃ ቪዲዮ ላይ ምት ከዚህ የሚበልጥ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። ነገር ግን ስሜት ለብቻው ከግማሽ በላይ መያዙን አልከራከርም። አቅጣጫው የተሳሳተ፣ ቀለሙ ያልገጠመ፣ ግን ልብን የሚይዝ ቁራጭ ካለ ይግባ። ከላይ የጻፍኳቸው መመዘኛዎች ሁሉ ያገለግላሉ እንጂ አይገዙም።

ምርጦቹን ቁራጮች መቆጠብ ደግሞ ጨካኝነትን ይጠይቃል። ሁሉም ሰው በጣም የሚወደውን ምስል የመጀመሪያው አዝማች ላይ ያውለዋል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ባዶ እጁን ነው። ከመጀመሪያው አሥር ወይም አሥራ አምስት ቁራጮችን ለመጨረሻው አዝማች ብቻ ለይቶ፣ የተለየ ፎልደር ውስጥ አስገብቶ እስከዚያው አለመንካት ነው።

ስምና ቦታ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ስም ሳይሰጡ የሰበሰቡት ቁራጭ ሁለት ጊዜ ይፈለጋል። "ክሊፕ 1"፣ "ቆንጆ"፣ "የመጨረሻው ውጊያ" የሚሉ ስሞች ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግሩም። የሚጠቅም ስም መጀመሪያ ምንጩን፣ ቀጥሎ ምስሉ የሚያደርገውን ይናገራል። ለምሳሌ "07_1241_ሩጫ_ወደቀኝ_ቅርብ_ፍርሃት_ነ18" የሚለው ስም ቁራጩ ከሰባተኛው ክፍል፣ ከ12ኛው ደቂቃ ከ41ኛው ሰከንድ መወሰዱን፣ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ሰው በቅርብ እንደሚታይ፣ የሚነበበው ስሜት ፍርሃት መሆኑን፣ የሚመታው ነጥብም በ18ኛው ፍሬም ላይ እንደሆነ ይናገራል። የክፍሉ ቁጥር ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ 10ን ከ2 በፊት ሊደረድረው ይችላል። በዚህ ስም ውስጥ የገጸ ባሕርይው ስም እንኳ እንደ አስፈላጊነቱ የሚጨመር ነው። ዘፈኑ ስለ አንድ ሰው ከሆነ ይግባ፤ ስለ መሸሽ ከሆነ ማን እንደሸሸ ከአሸሻሹ ያነሰ ነው።

ፎልደሮቹስ? በክፍል ቁጥር መደርደር በጣም የተለመደው መንገድ ሲሆን በጣም የማይጠቅመውም ነው፤ ቁራጩን መልሶ ታሪኩ ውስጥ ይቀብረዋል። በቅንብር መሐል "ከስድስተኛው ክፍል የሆነ ነገር እፈልጋለሁ" የሚል ሰው አላውቅም። "ወደ ግራ የሚዞር ፊት እፈልጋለሁ" የሚል ግን ሁሉም ነው። ስለዚህ ፎልደሮቹ በሚሠሩት ሥራ ይከፈሉ፦ ጉዞ፣ ግጭት፣ እይታ፣ ንክኪ፣ ብቸኝነት፣ ሰማይና መሬት፣ ዝርዝር ነገር። ዝርዝር ነገር ስል የእጅ፣ የጫማ፣ የሰዓት፣ የመስኮት ምስሎችን ነው። እነዚህ ሲመረጡ ዋጋ የሌላቸው ይመስላሉ፤ ሁለት የማይገጥሙ ቁራጮችን ለማያያዝ ሲፈለጉ ግን እነሱን የሚተካ የለም። አንድ ቁራጭ ሁለት ቦታ የሚገባ ከሆነ የቅንብር ፕሮግራሞች የቃል መለያ ይፈቅዳሉ፤ ፋይሉን ሳያባዙ ሁለት መለያ መስጠት ይቻላል።

መጀመሪያ ሲመረጥ ለጋስ መሆን ይሻላል። 140 ቁራጭ ለሚፈልግ ቪዲዮ ሦስት እጥፉን፣ ወደ 420 መያዝ ጥሩ መነሻ ነው። ይህ የመጀመሪያው ዙር ድምፁ ተዘግቶ ቢታይ እመክራለሁ። የተከታታዩ ሙዚቃና የተዋንያኑ ድምፅ ሲጠፋ ምስሉ ብቻውን ይቆማል፣ በራሱ የማይቆመውም ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው ዙር ዘፈኑ እየተጫወተ፣ ቁራጮቹ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል እያለፉ የሚታይ ነው። እዚህ ላይ ሳይታሰብ የሚገጥሙ ነገሮች ይወጣሉ፤ ሲወጡ ቆም ብሎ መጻፍ ነው። ቁራጭ ሲወሰድ ከፊትም ከኋላም ግማሽ ሰከንድ፣ 12 ፍሬም ያህል ትርፍ ይቀመጥለት። ጠርዙ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መገፋት አይችልም፤ ነጥቡን ምቱ ላይ ለማሳረፍ ደግሞ መገፋት የግድ ነው።

የፋይሉ ነገር

ይህን ባጭሩ ልለፈው። የምናገኛቸው ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ ኤች.264 በመሳሰሉ ኮዴኮች (ቪዲዮን አሳንሶ የማስቀመጫ ዘዴዎች) የታመቁ ናቸው። እነዚህ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ አያስቀምጡም፤ በየተወሰነ ርቀት አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጡና በመካከል ያለውን በለውጥ ብቻ ይመዘግባሉ። ለማየት ያመቻል፤ በየፍሬሙ ወደፊትና ወደኋላ ለሚል አቀናባሪ ግን ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል። ስለዚህ ቁራጮቹን እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ወደሚያስቀምጥ ኮዴክ፣ ለምሳሌ ወደ ፕሮሬስ መለወጥ የተለመደ ነው። መምረጥ መቅደም ያለበት ለዚህም ጭምር ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል ጨርሶ ሳይታመቅ ቢቀመጥ በደቂቃ 4.5 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። 252ቱን ደቂቃ በሙሉ እንዲህ ማስቀመጥ ከአንድ ቴራባይት ያልፋል፤ 420 ቁራጮች እያንዳንዳቸው አራት ሰከንድ ቢሆኑ ግን 125 ጊጋባይት ገደማ ነው። ኮዴኮቹ ደግሞ ይህን ከዚህም ያወርዱታል። ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር ራሳቸው የሚከፋፍሉ መሣሪያዎችም አሉ፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭና አዶቤ ፕሪሚየር በተባሉት የቅንብር ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛሉ። ጊዜ ይቆጥባሉ፣ ነገር ግን ብልጭታ ያለበትን ውጊያ ሃምሳ ቦታ ሊበጣጥሱት ይችላሉና ውጤቱ በዓይን ይታይ።

የድሮ ተከታታዮችን ከአዲሶቹ ጋር የሚቀላቅል ሰው የምስሉን ቅርጽ ያስብ። 4 በ3 የሆነውን ምስል 16 በ9 ለማድረግ ከላይና ከታች ቢቆረጥ ከቁመቱ ሩብ ይሄዳል፤ የብዙ ገጸ ባሕርያት ግንባር ያለው እዚያ ነው። ምስሉን ለጥጦ መሙላት ግን ፊትን ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይሞከር።

ሥራው ለሕዝብ ሲቀርብ ምስሉም ዘፈኑም የሌላ ሰው ንብረት መሆናቸው አይዘነጋ። የአሜሪካ ሕግ ፍትሐዊ አጠቃቀም የሚለውን (የሌላን ሰው ሥራ ሳያስፈቅዱ መጠቀም የሚቻልበትን ሁኔታ) በየጉዳዩ እየመዘነ ይወስናል፤ አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድ ግን አይደለም። ዩቲዩብ የባለቤቶችን ድምፅና ምስል የሚለይ ሥርዓት ስላለው ቪዲዮ ሊታገድ ወይም ገቢው ወደ ባለቤቱ ሊዞር ይችላል። የተከታታዩን ርዕስ፣ የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም መጻፍ ከዚህ አያድንም፤ ቢሆንም ለሠሩት ሰዎች የሚገባ ክብር ነው። የመጨረሻ ክፍሎችን ምስጢር የሚያወጡ ቁራጮችም በምርጫው ጊዜ መለያ ቢሰጣቸው መልካም ነው። የሞት ትዕይንት ካለ ተመልካቹ ከመክፈቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ቅንብሩ ተጠናቆ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ አንድ የቁራጭ ጉድለት በተለይ ይፈለግ። በትዕይንት ድንበር ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ጫፉ ላይ የቀጣዩን ትዕይንት አንድ ፍሬም ይዞ ይቀራል። ሲጫወት አንድ ሃያ አራተኛ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ዓይንን ይቆረቁራል፤ አቀናባሪው ራሱ ለምዶት ላያየው ይችላል። ስለዚህ በየቆረጣው ላይ ቆሞ ሁለት ፍሬም ወደኋላ፣ ሁለት ፍሬም ወደፊት እየሄዱ ማየት ነው። ለ140 ቁራጭ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ የተገኘው ትርፍ ፍሬም ደግሞ ከጊዜ መስመሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ከዋናው ቁራጭ ላይም ይቆረጥ፤ ለሌላ ቪዲዮ ሲወሰድ አብሮ እንዳይመጣ።